የመጀመሪያዋ በሽተኛ ሰባት ቀንና ከዛ በኋላ የመጣው

አክስቴ ፕሪድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ ኪኒን መዋጥ ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ እሷ ግን ቁርጥማት ነው የምትለው፣ ሲላት ደሞ ሪህ። እኔ ፋርማሲ ስለምሰራ ቤት ስትመጣ ጥያቄዋን አጠራቅማ ነው የምትመጣው። ባለፈው ቡና እየጠጣን "ይሄን ኪኒን መጀመሪያ የወሰደው ሰው ማነው? ዳነ እንዴ?" አለችኝ። አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ታሪኩን እኮ አውቀዋለሁ፣ ኮሌጅ እያለን አስተማሪያችን እንደ ተረት ነግሮን አልፏል፣ ሽባ የነበረች ሴት በሳምንት ተነስታ ሄደች፣ ኖቤል ተሸለሙ፣ አለቀ። "ዳነ እንዴ" የሚለው ጋ ግን እሱም አልደረሰም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ስለዚ ጉዳዩን ከነሙሉው ልጻፈው ብዬ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከኪኒኗ ታላቅ፣ ኮርቲሶን ከሚባለው መድሃኒት ነው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

በሽተኛዋ 29 ዓመቷ ነው፣ ባለትዳር፣ የአሜሪካዋ የኢንዲያና ሰው። የሕክምና ታሪክ ውስጥ ሚስስ ጂ ተብላ ነው የምትታወቀው፣ እኔም እንደዛው ልጥራት። ሩማቶይድ አርትራይተሱ ከያዛት ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል፣ መገጣጠሚያዎቿ አብጠው፣ ደርቀው፣ ከአልጋ መነሳት ራሱ መከራ ነበር፣ ዊልቸር ላይ ነበረች። በሐምሌ 1948 ሚኔሶታ ሮቸስተር ያለው ማዮ ክሊኒክ መጣችና ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ተኛች። በዛ ዘመን ለዚ በሽታ የነበረው አስፕሪን፣ የወርቅ መርፌ (አዎ፣ እውነተኛ የወርቅ ጨው ነው የሚወጉት) እና "እረፊ፣ ተኚ" ነው። ሐኪሞቹ አንድ ሌላ ነገርም ሞከሩባት፣ ጉበት አስቆጥቶ የወፍ በሽታ የሚያመጣ መድሃኒት ሰጧት። አልሰራም። የወፍ በሽታ ሆን ብሎ የሚያስይዝ ሐኪም ምን ዓይነት ነው እንዳትሉ፣ ምክንያት ነበረው።

ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች ይባላል። በ1929 ሩማቶይድ ያለበት የ65 ዓመት ሰው፣ ራሱም ሐኪም፣ የወፍ በሽታ ይይዘውና ዓይኑ ቢጫ ሲሆን መገጣጠሚያው ቀለል ይለዋል። ለሄንች ይሄንን ሲነግረው ሌላ ሐኪም ቢሆን "አጋጣሚ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር፣ ሄንች ግን ሌላም አለ እንዴ ብሎ መቁጠር ጀመረ። አለ። ከዛ ደሞ እርጉዝ ሴቶችም ሕመሙ ሲቀልላቸው አየ። እዚ ጋ ነው ጭንቅላቱ የሰራው፦ የወፍ በሽታው ወንድንም ሴትንም የሚያቀል ከሆነ ነገሩ የሴት ሆርሞን ብቻ ሊሆን አይችልም፣ ጉበት ብቻም አይደለም ምክንያቱም እርጉዟ ጉበቷ ጤነኛ ነው፣ ስለዚ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው የሆነ ነገር አለ። ስም ስላልነበረው "ንጥረ ነገር ኤክስ" አለው። ዓመታት ያንን ኤክስ ፍለጋ ሲንከራተት ቆየ፣ የወፍ በሽታ ያለበትን ሰው ደም ለሩማቶይድ በሽተኛ እስከመስጠት ድረስ። ዛሬ ይሄን የሚያጸድቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም።

እዛው ማዮ ውስጥ ኤድዋርድ ኬንዳል የሚባል ኬሚስት አለ፣ ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ ከተቀመጠችው እጢ፣ ከአድሬናል፣ አንድ በአንድ ነገሮችን እያወጣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤፍ እያለ ፊደል የሚሰጥ። በ1941 ሁለቱ አውርተው ኮምፓውንድ ኢ በሩማቶይድ ይሞከር ተባባሉ፣ ሄንች ማስታወሻው ላይ ጻፋት፣ ጦርነት ገባ፣ ተቀመጠች። ጦርነቱ ግን በጎንም ጠቅሟል። የጀርመን ፓይለቶች ከፍታ እንዲችሉ የአድሬናል ቅመም እየተወጉ ነው የሚል ወሬ አሜሪካ ደረሰና መንግስት ኬሚስቶቹን ማጣደፍ ጀመረ። ወሬው ውሸት ነበር። ስራው ግን እውነት ሆነ፣ መርክ ኩባንያ ውስጥ ሉዊስ ሳሬት የሚባል ወጣት ከበሬ ሐሞት ተነስቶ ወደ 40 በሚጠጋ እርምጃ ኮምፓውንድ ኢን ሰራው። ሐሞት! አክስቴን ይሄን ስነግራት "እና እኔ የምውጠው ሐሞት ነው?" አለች፣ አይ፣ የዛሬው በሌላ መንገድ ነው የሚሰራው አልኳት፣ ግን ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ወደ ሚስስ ጂ እንመለስ። ሁለት ወር ገደማ ተኝታለች፣ ምንም ለውጥ የለም፣ እሷ ደሞ የሆነ ነገር ሳታደርጉልኝ ከዚ አልወጣም ብላለች። እኔ የዚች ሴት ድርሻ ሁሌም ያንስባታል ባይ ነኝ፣ ታሪኩ ሲነገር ሄንች ሄንች ነው፣ አልወጣም ያለችው ግን እሷ ናት። ሄንች ጨንቆት በመስከረም መጀመሪያ ለመርክ ጻፈ፣ እባካችሁ ትንሽ ኮምፓውንድ ኢ ላኩልኝ ብሎ። ተላከ።

መስከረም 21 ቀን 1948፣ በኛ መስከረም 11 ቀን 1941 መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያው 100 ሚሊግራም ጡንቻዋ ላይ ተወጋ። የዕለት ክትትሉ በአብዛኛው የሁለት ባልደረቦቹ ሐኪሞች ነበር፣ ስሎከምብ እና ፖሊ። መጀመሪያ ቀን ላይ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ እጇን ከራሷ በላይ አነሳች፣ ይሄ ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አይደለም፣ ሩማቶይድ ያለበት ሰው ጋ የኖረ ግን ያውቀዋል፣ ጸጉር መስራት ማለት ነው፣ ቀሚስ በራስ ማጥለቅ ማለት ነው። አክስቴ መድሃኒት ከመጀመሯ በፊት ሻሿን የሚያስርላት ልጇ ነበር። በአራተኛው ቀን ትንሽ እያነከሰች ሄደች። መስከረም 28 ላይ፣ በኛ የመስቀል ማግስት፣ ከሆስፒታል ወጥታ ከተማ ገብታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ገበያ ዞረች።

ይሄ ነው ሁሉም የሚያወራው ሰባት ቀን።

አሁን እኔ እንደ ባለሙያ የማየው 100 ሚሊግራሙን ነው። ያንን ዶዝ በዛሬው ኪኒን ስታሰላው፣ 25 ሚሊግራም ኮርቲሶን (ኮምፓውንድ ኢ ኋላ የወጣለት ስም ነው) 5 ሚሊግራም ፕሪድኒሶሎንን ያክላል፣ ስለዚ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ፕሪድኒሶሎን ወሰደች ማለት ነው። ትልቅ ነው። ለጥቂት ሳምንት ይሰጣል፣ ለዓመታት ግን ማንም ጤነኛ ሐኪም እንዲ አይተውህም። የሚገርመው በ25 ጀምረው ቢሆን ምናልባት ምንም ሳያዩ "አልሰራም" ብለው ይተዉት ነበር። የዶዙ መብዛት ነው ግኝቱን ያመጣው፣ ኋላ ጣጣውን ያመጣውም እሱ ራሱ ነው። አንድ ውሳኔ ነው ሁለቱንም ያደረገው፣ እኔ ከጉዳዩ ሁሉ አእምሮዬ ላይ የቀረው ይሄ ነው።

በሚያዝያ 1949 ሄንች ለማዮ ሐኪሞች ፊልም አሳየ። 14 በሽተኞች፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ። ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ከቀናት በኋላ ሲወጣ እያዩ አዳራሹ ንግግሩ ሳያልቅ ማጨብጨብ ጀመረ። በማግስቱ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። ኮምፓውንድ ኢ የሚለው ስም ከቫይታሚን ኢ ጋ እንዳይምታታ ተብሎ ኮርቲሶን ተባለ። በ1950 ሄንች፣ ኬንዳልና የስዊዘርላንዱ ራይክስታይን ኖቤል ተካፈሉ። ሄንች ከብሩ ላይ በሽተኞቹ የተኙበትን ዋርድ ለምትመራው መነኩሲት ሮም ሄዳ ጳጳሱን እንድታይ ሰጣት፣ ይሄ ነገሩ ደስ ይለኛል።

ለፍትህ ያክል፣ ሄንች "ፈወስኩ" አላለም። ጽሁፋቸው ርዕሱ ላይ ራሱ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ነው ይላል። ፊልም አይቶ የወጣ ሰው ግን ርዕስ ያነባል እንዴ።

ከዛ በኋላስ? መርፌው ሲቀነስ ወይ ሲቆም ሕመሙ ተመለሰ። እሳቱ አልጠፋም፣ ተዳፍኖ ነው የነበረው። መርፌው የቀጠለላቸው ደሞ ፊታቸው እንደ ጨረቃ ክብ ማለት ጀመረ፣ አንዳንዱ እንቅልፍ አጣ፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱ ተነካ፣ ስኳርና ደም ግፊት መጣ፣ አጥንት ሳሳ። ሚስስ ጂ የዚ ቡድን የመጀመሪያዋ ናት፣ ከሌሎቹ በፊት ተነሳች፣ ከሌሎቹ በፊትም ሂሳቡ መጣባት።

የጨረቃ ፊት ነገር እኛ ሀገር ሌላ ጣጣ አለው። አክስቴ መጀመሪያ በትልቁ ዶዝ ላይ እያለች የዘመድ ሰርግ ሄድን፣ ያገኛት ሁሉ "አንቺ! ተመቸሽ አይደል! አማረብሽ!" ይላታል፣ ጉንጯን እየነካ። እሷ ደስ አላት፣ አራት ዓመት ከስታ ጠቁራ የኖረች ሴት ናት። እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ ጉንጯ ውስጥ ያለው ምቾት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ዝም አልኩ፣ በሰርግ ቀን ምን ይባላል። ከሁለት ወር በኋላ ደሞ አማረብሽ ካሏት አንዷ፣ ጎረቤታችን፣ ነገሩን አጣርታ መጣችና "እሱ እኮ ስቴሮይድ ነው፣ አጥንት ይበላል፣ ጣዪው" አለቻት። ጣለችው። ለኔ ሳትነግር፣ በአንድ ቀን፣ ከነማሸጊያው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጇ ደወለልኝ፣ እማዬ መነሳት አቃታት፣ ታስመልሳለች፣ ራሷን ያዞራታል አለኝ። ቁርጥማቱ መስሎት ነበር። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግፊቷ መሬት ወርዷል፣ የሚጠይቀን ወጣት ሐኪም "ምን መድሃኒት ትወስዳለች?" ሲል ልጇ "የቁርጥማት" አለ፣ እኔ ነኝ ስሙንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የተናገርኩት፣ ወዲያው ሃይድሮኮርቲሶን፣ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ በደም ስር ገባላት። ማታ ቁጭ ብላ ሻይ ጠጣች። እንደው ያን ቀን እኔ ባልኖር ብዬ አስባለሁ።

የሆነው ምንድነው? ያቺ ቆብ የመሰለችው እጢ ኮርቲዞል የሚባል የኮርቲሶን ዘመድ የሆነ ሆርሞን በየቀኑ የምታመርት ናት፣ ከውጭ በኪኒን ሲመጣላት ግን ስራ ታቆማለች፣ ጡረታ ወጣች በሉት። ሳምንታትና ወራት ከቆየ በኋላ ኪኒኑን ድንገት ብትነጥቃት በአንድ ቀን ከጡረታ አትመለስም። ሰውነት ደሞ ያለሱ ግፊቱን መያዝ አይችልም። ይሄም ቢሆን በሰው ሕይወት ነው የታወቀው፦ በ1952 የታተመ አንድ ጉዳይ አለ፣ የ34 ዓመት ሰው፣ ያው ሩማቶይድ፣ ለወራት ኮርቲሶን ሲወስድ ቆይቶ የዳሌ ኦፕሬሽን ሊደረግለት ሲል መድሃኒቱ ቆመ፣ ኦፕሬሽኑ አልቆ በሰዓታት ውስጥ ሾክ ገብቶ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አድሬናሎቹ ሟሽሸዋል። ዛሬ "ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ኦፕሬሽን ሊገባ ከሆነ ይናገር" የምንለው የሱ ነገር አለበት።

እና መድሃኒቱ መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም፣ እዚ ጋ ጎረቤታችን ተሳስታለች። ከጭብጨባው በኋላ ሐኪሞች ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው ነበር፣ በ1954 እንግሊዞች ኮርቲሶንን ከአስፕሪን ጋ አወዳድረው ብዙም ልዩነት አላየንም አሉ። በ1955 አካባቢ ፕሪድኒሶንና ፕሪድኒሶሎን መጡ፣ ጠንከር ያሉ፣ ጨውና ውሃ ብዙ የማይዙ፣ በኪኒን የሚዋጡ። ከዛ ጥያቄው ቀስ በቀስ ተቀየረ፣ "ይሰራል ወይ" ከማለት "ስንት ይበቃል" ወደሚለው። በ1995 እዛው እንግሊዝ በቀን 7.5 ሚሊግራም ለሁለት ዓመት ሰጥተው አጥንቱ በበሽታው የሚሸረሸርበት ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳዩ። በ2022 ደሞ ግሎሪያ የሚባል ጥናት ወጣ፣ 65 እና ከዛ በላይ የሆኑ 451 ሰዎች፣ ግማሹ በቀን 5 ሚሊግራም ፕሪድኒሶሎን፣ ግማሹ ባዶ ኪኒን፣ ለሁለት ዓመት። ሕመሙ ቀነሰ፣ መገጣጠሚያው ተጠበቀ፣ ክትትል የሚፈልግ ችግር የገጠማቸው ግን 60 ከመቶ ሆኑ፣ ባዶ ኪኒን የወሰዱት 49። በብዛት ኢንፌክሽን ነው፣ አብዛኛውም ቀለል ያለ። እኔ ይሄን ሳነብ ሁለቱንም ቁጥር ነው ያየሁት፣ 60ውን ብቻ የሚያይ ሰው 49ኙም መድሃኒቱን ሳይወስዱ መታመማቸውን ይረሳል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ከ20 ሚሊግራም ተነስተን 5 ላይ ደርሰናል።

የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማህበር መመሪያ ደሞ ከዚም ጠበቅ ይላል፦ ስቴሮይዱ እንደ ድልድይ ይሁን፣ ዋናው መድሃኒት፣ ሜቶትሬክሴት ወይ ሌላው፣ ስራ እስኪጀምር ብቻ፣ ከዛ በቻልከው ፍጥነት ቀንሰህ አውጣው። ትክክል ነው። ግን እኛ ጋ ሜቶትሬክሴት ለመጀመር የጉበት፣ የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል፣ ለምርመራው ታክሲ ያስፈልጋል፣ የሩማቶሎጂ ሐኪም ወረፋ አለ፣ ፕሪድኒሶሎን ግን ርካሽ ናት፣ ሁሉም ጋ አለች፣ በሁለት ቀን ታስነሳለች። ያለ ማዘዣ የሚሸጥም አለ፣ ሙያችን ስለሆነ አልክድም። ባንኮኒው ጋ የሚመጣ ሰው "ያቺን ትንሿን ነጭ ስጪኝ፣ ያቺ የምታስነሳውን" ይላል። የሚስስ ጂን ሰባት ቀን ነው እየጠየቀ ያለው። ድልድዩ ላይ ቤት ሰርቶ የሚኖር ሰው ብዙ ነው።

አክስቴም ድልድዩ ላይ ነበረች። ከዛ ድንገተኛ ክፍል በኋላ ነው ሩማቶሎጂስት ጋ የደረሰችው፣ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ (በሳምንት! በየቀኑ የሚውጥ ሰው ራሱን ይገድላል፣ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቤላታለሁ፣ ረቡዕ ነው)፣ ከሱ ጋ ፎሊክ አሲድ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ። ስኳርና ግፊት ይለካል፣ ዓይኗ ሞራና ግፊት እንዳይዘው ታይቷል፣ ከሁሉ በፊት ደሞ ደረቷ ራጅ ተነስቷል ምክንያቱም እኛ ሀገር ቲቢ ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ ነው ያለው፣ ስቴሮይድ ደሞ የተኛን ቀስቃሽ ነው። ሰገራም ተመርምራለች፣ ከአፈር የሚገባ አንድ ዓይነት ትል አለ፣ ስትሮንጂሎይድስ ይባላል፣ ስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው ውስጥ ካለ አካል ሙሉ ሊወር ይችላል። ይሄ ፈረንጅ ሀገር ብዙ ትዝ አይላቸውም፣ በባዶ እግሩ እርሻ ያደገ ሰው ግን ሊታሰብለት ይገባል፣ አክስቴ ደሞ ገጠር ነው ያደገችው።

ከ10 ወደ 7.5፣ ከ7.5 ወደ 5 በስምንት ወር ወረደች። 5 ላይ ስትደርስ ጠዋት ጠዋት ጣቷ ትንሽ ይደርቅ ነበር፣ ሐኪሙ አልቸኮለም፣ እኔም አመሰግነዋለሁ። ጉንጯ ሟሸሸ። "ከሳሽ፣ ምን ሆነሽ?" ይሏታል አሁን ደሞ።

ያን ቀን ቡና ላይ ታሪኩን እንዳለ ነገርኳት፣ ገበያውንም፣ መመለሱንም። ዝም ብላ ሰማችኝና "ሦስት ሰዓት ዞረች?" አለች። አዎ አልኳት። "ጫማ ነው የገዛችው" አለች፣ "ያን ሁሉ ጊዜ የተኛ እግር ሌላ ምን ይገዛል።" ቀጥላ "አላወቀችም ነበራ ግን፣ እንደሚመለስ" አለች። ማንም አላወቀም ነበር፣ ሐኪሞቹም አልኳት።

በዚ ወር ወደ 2.5 ተብላለች። 5 ሚሊግራሟን ለሁለት መቁረጥ ነው፣ መሃሏ ላይ ስንጥቅ አለ። ቢላ አምጥታ የቡና ረከቦቱ ጫፍ ላይ አድርጋ ስትጫናት ግማሿ ተፈናጥራ ሶፋ ስር ገባች። ላወጣላት ስነሳ "ተይ" አለችኝና በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ እጇን ሰዳ አወጣቻት፣ አቧራዋን እፍ አለች፣ ለነገ ብላ ብልቃጧ ውስጥ ከተተቻት።